የእማ ዘሀራ ቁና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሥራህ ምን ነበር?» ሐኪም የነበረ ሐኪም ነበርኩ ይላል፣ አስተማሪ የነበረም አስተማሪ ነበርኩ ይላል፣ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። እኔ ግን «የሥራ ኢኮኖሚ ባለሙያ ነበርኩ» ስል ሰው ግራ ይገባዋል። አንዳንዱ ራሱን ነቅንቆ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። ሌላው «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይከተለኛል። «ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ሰዎች ሥራቸው እንዲሻሻል ማድረግ ነው» እለዋለሁ። «እና ተሻሻለ?» ይለኛል። እዚህ ላይ ነው እኔም ግራ የሚገባኝ።

ባለፈው ሰሞን ድሮ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ወጣት ባለሙያዎች ልምድህን አካፍለን ብለው ጠሩኝ። ደስ ብሎኝ ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። ስለ ሐይቅ መጋዘን ነገርኳቸው። ጨርሼ ስቀመጥ ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የሚገባ ነው፤ ለዚሁ ነው የጠሩኝ። እኔ ግን ውኃ ጠጣሁ፣ መነጽሬን ወለወልኩ። ሰብሳቢው አዘነልኝ መሰለኝ አጨበጨበና ሁሉም አጨበጨቡ። ቤቴ ገብቼም ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም፤ የሆነውን ግን እንደሆነው አውቀዋለሁና እሱን ልጻፍ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት አዲስ አበባ ነው። ሥራዬ ከየፋብሪካው የሚመጣ ወረቀት አንብቦ ሌላ ወረቀት መጻፍ ነበር። ሠራተኛ በዓይኔ ሳላይ ስለ ሠራተኛ ስጽፍ ከረምኩ። አለቃዬ መልካም ሰው ነበሩ፤ ከፊርማቸው በቀር ግን የማስታውስላቸው ነገር የለም። ቀጥሎ አዋሽ ዳር ወደሚገኝ የጥጥ እርሻ ላኩኝና ወባ ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ደርግ መጣ። ፋብሪካውም መጋዘኑም የመንግሥት ሆነ፣ የቢሮው ሁሉ ስም ተቀየረ፣ አቶ መባባል ቀርቶ ጓድ ተባባልን፤ ይህ ሁሉ ሲያበቃ ደሴ ተመድበሃል ተባልኩ። ደመወዙ ያው ነው። ውሎ አበል አለው ብለውኝ ነበር፤ እሱም ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል።

ደሴ ላይ የጠበቀኝ አለቃ ጋሽ አየነው ይባላል። በስተርጅና ስለ ሥራዬ ሳስብ አንድ ነገር ተምሬ ከሆነ የተማርኩት ከሱ ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ኮቱ ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ ሰው ነበር። ወደ ሥራ ቦታ ሲሄድ ታጥፎ የተሰፋ ጆንያ በብብቱ ይይዛል። እዚያ ሲደርስ ወንበር ቢያመጡለት እንቢ ይላል፤ ሠራተኞቹ በተቀመጡበት መሬት ላይ ጆንያውን አንጥፎ ይቀመጣል። እርሳስ በሠራተኛ ፊት አያወጣም። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያያል፤ ሰዎቹ እሱን ማየት እስኪሰለቻቸው ድረስ ያያል። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ቀኑ ሲያልቅ የት ላይ ያማችኋል? ማን ማንን ይጠብቃል? ሰው የታመመ ቀን ማን ይሠራለታል? ስለ ደመወዝ ቀድሞ አይጠይቅም። ደመወዙን ቀድመህ ከጠየቅኸው ከዚያ በኋላ የሚነግርህ ሁሉ ስለ ደመወዝ ነው ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ይዞኝ የሄደው አምባሰል ነው፤ ድንጋይ እየፈነቀሉ እርከን የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ። እኔ ወገባችንን ያመናል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። መዳፋችንን አሉ። ጋሽ አየነው ዶማውን አንሥቶ ሲያየው እጀታው አጭርና ሻካራ ነው። ብዙ ደጅ ጠንቶ ረጅምና ልስልስ እጀታ አስመጣላቸው። ከወር በኋላ ብንመለስ እጀታውን ግማሾቹ ቆርጠው አሳጥረውታል። ለምን ብለን ስንጠይቅ ሳቁ፤ ብንጠይቅ ብንጠይቅ ከሳቅ በቀር መልስ የለም። እኔ ተናደድኩ። ጋሽ አየነው ግን ቁልቁል ስንወርድ መንገዱን ሙሉ እያሰበ ሄደ፤ «ይህ ነገር አልገባኝም» አለኝ ስንለያይ። አለቃ አልገባኝም ሲል የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የሐይቁ መጋዘን ከደሴ ወዲያ ካለችው ከሐይቅ ከተማ ጫፍ ላይ ነበር። ከበሩ ሆነው ሲያዩ ሐይቁና የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ባቄላና ምስር እዚያ ይገባል፤ ጠጠሩን፣ ነቀዝ የበላውንና የተሰበረውን የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ገሚሶቹ ሙስሊሞች ገሚሶቹ ክርስቲያኖች፣ አንዳንዶቹ የከተማው፣ ሌሎቹ ከአርዲቦና ከአምባሰል በኩል ከየገጠሩ የመጡ። ክፍያቸው ሁሉም ባንድነት በለቀሙት ልክ ነው፣ ቁናዋን ሞልታ ላስገባች ሁሉ እኩል ይከፋፈላል፤ የቀን ሠራተኞች ስለሆኑ ሥራ የሌለ ቀን ክፍያም የለም። ባል የሞተባት፣ የፈታች፣ መሬት የሌላት ነበረች የምትሰበሰበው። እግራቸውን ዘርግተው ክብ ሠርተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ እህሉ መካከላቸው ይከመራል፣ እያንዳንዷ በሰፌድ እየለቀመች ያጠራችውን ከጎኗ ባለው ቁና ታስቀምጣለች። አቧራው ፀጉራቸውን ያሸብታል።

የክቡ መካከል ላይ፣ ከእህሉ ክምር አጠገብ፣ እማ ዘሀራ የሚባሉ ሴትዮ ይቀመጣሉ። ሁሉም እማ ነው የሚሏቸው። ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ፣ ትንሽ ጆሮአቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። እጃቸው ሁልጊዜ ሰፌዱ ላይ ነው።

እንደ ጋሽ አየነው ጆንያዬን አንጥፌ ተቀመጥኩ። ሦስቱንም ጥያቄ ጠየቅኩ። ጉልበታችንን ያመናል፣ ዓይናችንን ያቃጥለናል አሉ። ሚዛኑን እንጠብቃለን አሉ። የታመመች ቀንስ ብል ጦይባ የምትባለው፣ ከሁሉም እጇ ፈጣን የሆነችው ወጣት፣ ቁናዋን እንሞላላታለን ብላ መለሰችልኝ። ግሸን የሚነገሥ ጊዜ ክርስቲያኖቹ ሲሄዱ ሙስሊሞቹ ይሞሉላቸዋል፤ ጁምዓ ቀን ደግሞ ክርስቲያኖቹ። ይህ ደስ አለኝና አመሻሹ ላይ ብቻዬን ስሆን ጻፍኩት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ገብቶኛል ብዬ አስቤአለሁ።

ሥራውን ማሻሻል ጀመርን። ዳስ ተሠራላቸው፣ አቧራው በነፋስ በኩል እንዲወጣ የመጋዘኑ በር ቦታውን ለወጠ፣ የሚቀመጡበት በጭድ የተሞላ ትራስ መጣ። ትልቁ ነገር ግን ቋሚ ሠራተኛ ማድረግ ነበር፤ ቋሚ ከሆነች ስትወልድ ፈቃድ አላት፣ ስታረጅ ጡረታ አላት። ለዚህ ከደሴም ከአዲስ አበባም የሚጠየቀው አንድ ነው፦ አንድ ለቃሚ በቀን ስንት ትለቅማለች? የቀን ልኩ ይታወቅ ተባለ። እስከዚያ ጊዜ የሁሉም ቁና ባንድ ጆንያ ተገልብጦ ባንድ ላይ ይመዘን ነበር። እኔ ለየብቻ ይመዘን አልኩ። ያለዚያ ልኩ እንዴት ይታወቃል?

ሳምንት ለየብቻ መዘንን። የሚዛኑን ውጤት ሳየው ከሁሉም የሚበልጠው የእማ ዘሀራ ቁና ሆኖ አገኘሁት። ጦይባን እንኳ ይበልጧታል። በሳምንቱም እንደዚያው። ገረመኝ፣ ደስም አለኝ። በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ኮከብ ሠራተኛ ይመረጥ ነበር፤ የሐይቅ መጋዘን ኮከብ አንዲት አሮጊት ብትሆን እንዴት ያምራል ብዬ አሰብኩ። ሴቶቹ ቋሚ እንዲሆኑም ይረዳል። ለጋሽ አየነው ስነግረው «ስትለቅም አይተሃታል?» አለኝ። ቁናቸውን አይቻለሁ አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳለኝ ያኔ አልጠየቅኩም፤ ስማቸውን ጽፌ አሳለፍኩ።

የሆነውን ኋላ የነገረችኝ ጦይባ ናት። ለየብቻ ይመዘናል ሲባል ሴቶቹ በሙሉ ደነገጡ። የእማ ዘሀራ ቁና ባዶ ሆኖ ይታያል ብለው ፈሩ። ስለዚህ እያንዳንዷ ለሌላዋ ሳትነግር፣ ሌሎቹ ረስተው እንደሆነ ብላ፣ ከሰፌዷ ላይ ዘግና ዘግና እማ ዘሀራ ቁና ውስጥ ጨመረች። ሁሉም እንዲያ ስላደረጉ ቁናው ከሁሉም በልጦ ተገኘ። ሊያድኗቸው ብለው በሰጡት ነው ያጋለጧቸው። ጦይባ ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፤ ስትስቅ ቆይታ አለቀሰች።

ኮከቡ የሚሸለምበት ቀን ከደሴ እንግዶች መጡ። የመጋዘኑ ግቢ በቀይ ጨርቅ አጌጠ። ከእንግዶቹ ጋር የመጣው ካድሬ ጓድ ሽመልስ ይባላል፤ ወጣት፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ የሚያደርገውን ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር። መጥፎ ሰው ነበር ማለት አልችልም፤ ብችል ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ንግግር አደረገና ጓድ ዘሀራ የሥራ ስልታቸውን ለሌሎች ያሳዩ ብሎ ጠረጴዛ አስመጣ፤ ባቄላ የተሞላ ሰፌድ በፊታቸው ተደረገ።

እማ ዘሀራ እጃቸውን ሰፌዱ ላይ አሳረፉ። ቀስ ብለው ይዳብሱ ጀመር። አንድ ፍሬ አነሡ፣ በጣታቸው አገላበጡት፣ ጣሉት፤ ደህና ባቄላ ነበር። ሌላ አነሡና ደህናው ላይ አስቀመጡት፤ ጠጠር ነበር። ጓድ ሽመልስ ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን ተመለከተ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ተጋርዶ ነበር። እኔ ስንትና ስንት ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ጆሮአቸውን ዘንበል ማድረጋቸውን አይቻለሁ፣ ዓይናቸውን ግን አላየሁም።

«አያዩም እንዴ?» አለ ጓድ ሽመልስ።

«አላይም ልጄ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ የለቀመው ማነው?»

ጦይባ ጠጋ ብላ አብሽሪ እማ፣ አይዞሽ እያለች ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ሽልማቱ ተጠቅልሎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ላይ የሚደረግ ማጭበርበር የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል፤ አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ጓድ ሽመልስ ለብቻዬ ጠርቶ ነገሩን በሦስት ከፈለልኝ። አሮጊቷ የሌሎቹን እየሰረቀች ከሆነ ሌባ ናት። ሴቶቹን አስገድዳ እያስገበረች ከሆነ የድሮው ሥርዓት ርዝራዥ ናት። ሴቶቹ ወደው እየሰጧት ከሆነ ደግሞ የቀን ልኩ ዝቅ ብሎ ተሠርቷል ማለት ነው፤ የራሳቸውን ሞልተው ለሌላ ሰው የሚተርፋቸው ከሆነ ሁሉም ከዚህ በላይ መልቀም ይችላሉ፣ ልኩ ይጨመርባቸዋል። ባለሙያው አንተ ነህ፣ የትኛው እንደሆነ አጥንተህ በስብሰባ ላይ ታቀርባለህ አለኝ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሦስተኛውን ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም፤ ሒሳቡ ትክክል ነበር። ችግሩ እውነቱም ሦስተኛው መሆኑ ነው። እውነቱን ብናገር በዚያ አቧራ ውስጥ ጉልበታቸው ያለቀ ሴቶች ላይ ሌላ ሥራ እጨምርባቸዋለሁ፤ ልኩን ያላሟላች ደግሞ ቋሚ አትሆንም። ውሸቱን ብናገር እማ ዘሀራ ይታሰራሉ።

አራተኛ መልስ ፍለጋ ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ለእማ ዘሀራ ለምን ትሰጣላችሁ? ጦይባ እሷ መካከላችን ከሌለች እንጣላለን አለች። የሺ የምትባለው፣ ከአምባሰል ወርዳ የመጣች ክርስቲያን፣ መጀመሪያ ካቦውን ለምነው ያስቀጠሩን እሳቸው ናቸው አለች። አንዷ ዓይናቸው የጠፋው እዚሁ አቧራ ላይ ነውና ነገ የእኛም ይጠፋል አለች። ሌላዋ እኔ እንጃ፣ ስመጣ ያገኘሁት ነው አለች። አንዷ ደግሞ እኔ ሰጥቼ አላውቅም ብላ ፊት ለፊቴ ማለች፤ ስትሰጥ አይቻት ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ደርድሬ ባየው አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ደመወዝ ነው እንዳልል እማ ዘሀራ የሠሩት ሥራ የለም፣ ምጽዋት ነው እንዳልል ማንም ምጽዋት አላለውም፣ ግብር ነው እንዳልል የጠየቀ የለም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ያስተማረኝ መጽሐፍ አልነበረም።

ጋሽ አየነውን ከደሴ አስመጣሁት። ጆንያውን አንጥፎ ጠዋት ክቡ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሥራ እስኪያልቅ አልተነሣም። እማ ዘሀራ ጎን ስለነበር ሁለት ሦስት ጊዜ ስለ ልጆቻቸውና ስለ አገራቸው ሲያወሩ ሰማሁ። ሲነሣ ጉልበቱን ይዞ ነው የተነሣው። ምን አየህ ስለው «እኔም አልገባኝም» አለ። ከዚያ ስብሰባው ላይ አልገባኝም ብለህ ተናገር፣ ያልገባህን ገብቶኛል አትበል አለኝ። ይህን ብናገር ጓድ ሽመልስ እኔንም አሻጥረኛ እንደሚለኝ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ በማግስቱ ወደ ደሴ ተመለሰ፤ እኔ ቀረሁ።

የስብሰባው ቀን ሴቶቹ በሙሉ ዳሱ ሥር ተቀመጡ። ጓድ ሽመልስ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል ብሎ ከፈተ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ቆምኩ። ያለውን አንብቤ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ ከሦስቱ አንዱንም አልጻፍኩም ነበር፤ የጻፍኩት ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል የሚል ነው። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እሱን እጠላዋለሁ። ጓድ ሽመልስ ተቆጣ። ለጥናት ጊዜ የለም፣ ልኩ ይጨመር፣ ያላሟላች ትሰናበት አለ።

እማ ዘሀራ ይኼኔ ተነሡ። ማንም አላነሣቸውም፤ የዳሱን ምሰሶ ዳብሰው ያዙ።

«ሰርቄ ነው» አሉ። «ፊታቸውን ሲያዞሩ ከሰፌዳቸው እየዘገንኩ ነው። ልጆቹ አያውቁም፤ ከአቅማቸው በላይ ሲለቅሙ ኖረዋል። ልክ አትጨምሩባቸው።»

የማያይ ሰው ከሚያዩ ሴቶች ሰፌድ ላይ ሳያዩት ዘግኖ ሰረቀ። ማን ያምናል? ጓድ ሽመልስ ግን እኔን አየኝ፤ እኔም አየሁት። ለአፍታ ያህል እሱም የደከመው መሰለኝ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፣ ውሸት ነው ያለች አልተገኘችም። ጦይባ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ጓድ ሽመልስ ጥፋተኛዋ ጥፋቷን በግለ ሂስ አምናለች፣ በዕድሜዋ ምክንያት ከሥራ መሰናበቷ በቂ ነው ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ልኩ እንደነበረ ጸደቀ። ሴቶቹም በተከታዩ ዓመት ቋሚ ሆኑ።

ያን ዕለት እማ ዘሀራን እቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሴቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ። ክንዳቸውን ይዤ በሐይቁ በኩል ባለው መንገድ ሄድን። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ መታገሥ አቃተኝ።

«እማ፣ እርስዎ አልሰረቁም» አልኳቸው።

«አልሰረቅሁም።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንተ ስታስብ እኔ ደከመኝ ልጄ» አሉ።

ክቡ መካከል ተቀምጠው ቀን ሙሉ ምን ይሠሩ እንደነበርም ጠየቅኳቸው። ለራሳቸውም አዲስ ጥያቄ የሆነባቸው ይመስል ቆም አሉ። «አላህ ይወቀው። ነይ ይሉኛል፣ እመጣለሁ» ብለው ጨረሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ ብል አልችልም፤ እስካሁን የቱ የምን ውጤት እንደሆነ አልለየሁትም። በክቡ ፈንታ ረጃጅም ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር መጣ፤ ጉልበቴን ያመኛል የምትል ቀረች። ሴቶቹ ግን መጣላት ጀመሩ። ስለ ቦታ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሚዛን ይጣላሉ። ግሸን ሲነገሥ ክርስቲያኖቹ የፈቃድ ቅጽ ሞልተው መጠየቅ ጀመሩ፤ ቁና የሚሞላላቸው አልነበረም። ጦይባ እንደተናገረችው እማ ዘሀራ ስለሌሉ ነው? ወይስ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ስላላስቀመጣቸው? ወይስ እያንዳንዷ ፈቃድና ጡረታ ስላላት የሌላዋ ርዳታ ስላላስፈለጋት? በዚያው ዓመት ኑሮው ከፋ፣ ልጆቻቸው ለውትድርና ይፈለጉ ነበር፤ የተጣሉት በዚያ ሆድ ብሷቸው ሊሆንም ይችላል። ባለሙያ ማለት ይህን መለየት የሚችል ሰው ነው። እኔ አልቻልኩም። ወደ ላይ የላክሁት ሪፖርት ሥራው መሻሻሉን ይናገራል፤ ውሸት የለበትም። ሌሎች መጋዘኖችም እንደ ሐይቁ ይደረጉ ተብሎ ምስጋና ተጻፈልኝ።

እማ ዘሀራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ሞቱ። የሰማሁት ለሌላ ሥራ ሐይቅ ወርጄ ሳለሁ ነው። ሙስሊም ቶሎ ነው የሚቀብረው፤ ስደርስ ጀናዛቸው በቃሬዛ ላይ ሆኖ ግቢያቸው መካከል ተቀምጧል። የሰፈሩ ቅሬ፣ እድሩ በሙሉ ወጥቷል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። የመጋዘኑ ኃላፊና የቀበሌው ሊቀመንበር አጥሩ ሥር ቆመዋል። ሴቶቹ፣ ጦይባም የሺም ሌሎቹም፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአንድ ወገን ተቀምጠዋል።

ጀናዛ ከመነሣቱ በፊት የሟች ቤተ ዘመድ ሐቅ ይጠይቃል፤ ሟች የሰው ዕዳ፣ የሰው በደል ይዞ እንዳይሄድ፣ ያለበትን አውፍ እንዲሉለት፣ ይቅር እንዲሉት ነው። ወንድማቸው ሰይድ ወደ ፊት ወጡ። ያረጁ፣ ድምፃቸው የሰለለ ገበሬ ናቸው።

«እኅቴ ሰርቄአለሁ ብላ በሰው ፊት ተናግራለች» አሉ። «ያለችውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እናንተ ልጆች፣ ሐቃችሁ አለባትና አውፍ በሉላት።»

ሴቶቹ ተያዩ። አልሰረቀችንም ለማለት አፏን የምትከፍት ትኖራለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አጥሩ ሥር ያሉት ሰዎች ግን ያዳምጣሉ፣ እውነቱ ከወጣ ልኩ ይጨመርባቸዋል። ጦይባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «አውፍ ብለናል» አለች። የሺም አለች። ከዚያ ሁሉም አሉ፤ እማ ዘሀራ ያልወሰዱባቸውን ይቅር አሉ። ቀብሩ ቢቀርብኝ ምን አለበት ብዬ ወደ በሩ መራመድ ጀመርኩ።

አቶ ሰይድ አዩኝና መጡ። የመንግሥት ሠራተኛ የሚያስመስለኝን ባርኔጣዬን አየት አድርገው እጄን ያዙ።

«የመንግሥትም ሐቅ አለባት። አንቱ የመንግሥት ሰው ነዎት፤ ዓይኗ ሲያይ እንዲህ ያለች ልጅ አልነበረችም፣ ከጠፋ ወዲህ ችግር ነው ያሳታት። አውፍ ይበሉላት።»

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ይህን ሽማግሌ እኅትዎ አልሰረቀችም ብላቸው ሴቶቹ ያሉት ሁሉ እዚያው ይፈርሳል፤ ዝም ብላቸው ሟችን በበደሏ ልይዛት ነው። አፈርኩ፤ ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አውፍ ብያለሁ» አልኩ።

አቶ ሰይድ ትከሻዬን ስመው አመሰገኑኝ። ቃሬዛው ተነሣ።